ሰባት ጠብታ

ትዕግሥትን ከእናቴ ተማርኩ፤ በቀልን ግን ያስተማረኝ ውሃ ነው። ውሃ አይጮኽም፣ አይሮጥም፣ እጁን አያነሣም። በየቀኑ ጥቂት ብቻ ይለወጣል፤ በውስጡ የሚኖረው ፍጥረት ግን አንድ ማለዳ ሥጋው ከአጥንቱ ተላቅቆ ይገኛል። ማን ገደለው ቢባል፣ ጣት የሚቀሰርበት ሰው የለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዓይን ክሊኒኩ ስመለስ በልቤ ይዤ የገባሁት ይህን እውቀት ነበር።

በሩን የሚጠብቁት ያው የድሮው ዘበኛ ናቸው። መጀመሪያ የመሣሪያ ሣጥኔን አዩ፤ ቀጥሎ ፊቴን፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የዓሣ ነርሷ» አሉ፣ እርሳቸው ራሳቸው ባወጡልኝ የልጅነት ቅጽል። «አድገሻል። ወይስ እኔ ነኝ ያጠርኩት?»

«ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሼ።»

«እናትሽስ?»

«ደህና ናት።»

«ደህና ናት» ብለው ደገሙትና ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ያን ቀን እርሳቸውም ቆመው ነበር። ሁሉም ቆመው ነበር።

እናቴ ያንን ክሊኒክ ሃያ ሁለት ዓመት አጽድታዋለች። በመጠበቂያው አዳራሽ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የመስታወት ገንዳ አለ። ያሠሩት የክሊኒኩ መሥራች፣ የትልቋ ሐኪም ሟች ባለቤት ነበሩ፤ ፋሻው ከዓይኑ የተነሣለት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቀለም ይይ ብለው። በገንዳው ውስጥ ኮራሎች ይኖራሉ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ በጥቃቅን አፉ ይበላል፣ ከውሃው ማዕድን እየቀዳ አጥንቱን ይሠራል። እኔ የቤት ሥራዬን የሠራሁት በዚያ ገንዳ ሥር ተቀምጬ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ እንክብካቤው ለእኔ ተሰጠ።

ትንሹ ሐኪም፣ የትልቋ ሐኪም አንድ ልጅ፣ ትምህርቱን ጨርሶ የተመለሰው በዚያው ዓመት ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ሕመምተኞች ሳይገቡ፣ ነጭ ጋውኑን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወርዳል። በትንሽ ብልቃጥ ውሃ እቀዳለሁ፤ ሰማያዊ ቀለም እጨምርበታለሁ፤ ሰማያዊው ቢጫ እስኪሆን ድረስ ጠብታ እንቆጥራለን። ኮራሎቹ አጥንት የሚሠሩበት ማዕድን በውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። የእኛ ገንዳ ቁጥር ሰባት ነበር።

«ስምንት ቢሆን ይሞታሉ?» ብሎ ጠየቀኝ አንድ ቀን።

«ስምንትም ጥሩ ነው፤ ዘጠኝም። የሚገድላቸው ዛሬ ሰባት፣ ነገ አሥራ አንድ ሲሆን ነው። ከመልካም ውሃ ይልቅ የማይለዋወጥ ውሃ ይወዳሉ።»

«እንደ አንቺ» አለ።

ሰባተኛዋን ጠብታ ሳልቆጥር አለፍኩ። እንደገና መጀመር ነበረብን፤ ሁለታችንም አልተከፋንም።

ከዚያ ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ሄድኩ። ተጻጻፍን። ስመለስ ኮራሎቹ እንደ ኖራ ነጥተው፣ እናቴም በአዳራሹ መካከል ቆማ አገኘኋቸው። ትልቋ ሐኪም አርባ በሚሆኑ ሕመምተኞች ፊት፣ «የሳሙና ባልዲሽን ደፍተሽ ነው የፈጀሻቸው፤ የባለቤቴን መታሰቢያ አጠፋሽው» ይሏታል። ሳሙና ቢሆን ኖሮ ቀድመው የሚሞቱት ዓሣዎቹ እንደነበሩ፣ ዓሣዎቹ ግን በሕይወት እየዋኙ መሆናቸውን ተናገርኩ። የሰማኝ አልነበረም። የየቀኑን የውሃ ቁጥር የምንጽፍበት ደብተር ማስረጃ ይሆነኝ ነበር፤ እርሱም ጠፍቷል። ወደ ደረጃው ዞርኩ። ትንሹ ሐኪም እዚያ ቆሞ ጫማውን ይመለከት ነበር።

እናቴ ሽርጧን ፈታች፤ አራት ላይ አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰው ፊት ሳሙና መግዛት እንደምታፍር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ትንሹ ሐኪም አሥራ አንድ ደብዳቤ ላከልኝ። አንዱንም አልከፈትኩም፤ በስፌት ክር አስሬ አስቀመጥኳቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ እንዳልረሳ ክር ቋጥሬበታለሁ።

❖

ትልቋ ሐኪም ቢሯቸው ውስጥ ቁጭ እንድል አልጋበዙኝም።

«የላከሽ የኮራል ማራቢያ ድርጅት ሌላ ሰው አልነበረውም?»

«ከእኔ የተሻለ የለም፣ ዶክተር።»

«ልበ ሙሉ ሆነሻል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ከአምስት ወር በኋላ ክሊኒኩን ለልጄ አስረክባለሁ። የድሮ ሕመምተኞች፣ የድሮ ሠራተኞች፣ ሁሉም ይጠራሉ። ያ ገንዳ ባለቤቴ እንደተወው ሆኖ መታየት አለበት። ያለፈውን እኔ አላነሣም፤ አንቺም አታነሺ።»

«ቀለሙ ይመለሳል» አልኩ። ያልዋሸሁት ይህን ብቻ ነው።

ከትንሹ ሐኪም ጋር ደረጃው ላይ ተገናኘን። ከስቷል። እጁን ሊዘረጋ አስቦ መልሶ ወደ ኪሱ ከተተው።

«መጣሽ» አለ።

«እንደምን አሉ፣ ዶክተር?»

አንቱታ እንዲህ እንደሚቆርጥ አላውቅም ነበር። ፊቱ ላይ ደም ሲወጣና ሲወርድ አየሁ፤ አንጀቴ ራሰ፤ ከዚያም ስለ መራሱ አፈርኩ።

አምስቱን ወር እንዴት እንደሠራሁ ልንገራችሁ፤ በቀሌ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ከማራቢያው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ቅርንጫፎች አምጥቼ ተከልኩ። ሁሉም ቡናማ ነበሩ። ሙቀቱን ሃያ አምስት ላይ አቆምኩት፤ ጨዉን አላናወጥኩም፤ መብራቱ በየቀኑ ጠዋት በአንድ ሰዓት በራ፣ ማታ በአንድ ሰዓት ጠፋ፤ ቁጥሩ ሰባት ነበር፣ ሰባትም ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ወር ምንም አልታየም።

«ወይ የዓሣ ነርስ» ይሉኛል ዘበኛው፣ ሻያቸውን ይዘው ከመስታወቱ ፊት ቆመው። «ሚስቴ ጎመን ብትተክል እስካሁን ሁለት ጊዜ በልተን ነበር።»

በስድስተኛው ሳምንት የቅርንጫፎቹ ጫፍ ነጣ፤ የሕመም ንጣት ሳይሆን የአዲስ አጥንት ንጣት ነው። በሦስተኛው ወር ቡናማው ገፈፍ እያለ ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ አለ። በአምስተኛው ሐምራዊው መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ጥርጣሬ፣ ከዚያ እንደ ወሬ፣ በመጨረሻ ማንም ሊክደው እንደማይችል እውነት። ያንን ቀለም የሰጣቸው መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ ትናንትን መምሰሉ ብቻ ነው።

በጋውን ኪሴ ውስጥ ደግሞ ብልቃጥ ነበረች። በውስጧ ያው ማዕድን ነው፤ ግን ለአንድ ወር የሚበቃው ተጠራቅሞ። በርክክቡ ዕለት፣ ንግግሩ ሲጀመር፣ ከገንዳው ኋላ ቆሜ አንዴ ብገለብጣት ውሃው በደቂቃ ውስጥ ወተት ይመስላል። በሦስተኛው ቀን የሟቹ መታሰቢያ እንደገና ኖራ ይሆናል። በእጄ ያሳደግሁትን በእጄ ልገድል ነበር። የእናቴን ሃያ ሁለት ዓመትስ በአንድ ቀን የገደሉት እነርሱ አይደሉም?

❖

ርክክቡ አምስት ቀን ሲቀረው የጥበቃው ክፍል አዲስ ጠረጴዛ ተሰጠው። ዘበኛው አቧራ የጠጣ ደብተር ይዘው መጡ።

«የአሮጌው ጠረጴዛ አንድ እግር አጭር ነበር» አሉ። «ይህን አስደግፌው ሁለት ዓመት አልተነቃነቀም። አሁን ጠረጴዛው ሄደ፤ ደብተሩ የአንቺ ጽሕፈት አለበትና…»

የውሃው ደብተር ነበር።

«ከየት አገኙት?»

«ትልቋ ሐኪም ጣለው ብለው የሰጡኝ ነው፤ እናትሽ በወጣች ዕለት ጠዋት። እኔ ደግሞ ልጄ፣ ወፍራም ነገር መጣል አልወድም።»

ጠዋት። እናቴ ከመከሰሷ በፊት። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

የእኔ ጽሕፈት የሚያበቃበት ገጽ ላይ የእርሱ ይጀምራል። ለሁለት ሳምንት ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ደብዳቤዋ ደረሰ። ስመለስ ሐምራዊው አንድ ጣት አድጎ ባየው ደስታዬ ወሰን የለውም ብላለች። አራት ሳምንት አለኝ።» ከሥሩ ዘጠኝ። አሥራ አንድ። «በዛብኝ መሰለኝ፤ ውሃ ቀየርኩ።» ሰባት። «ወረደ፤ ማዕድን ጨመርኩ።» አሥራ ሁለት። ስምንት። አሥራ ሦስት። ጽሕፈቱ እየተጣመመ ይሄዳል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥር የለም፦ «ነጡ። እኔ ነኝ። እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?»

ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ጣት ብዬ የተመኘሁት እኔ ነኝ። ይህ ሐሳብ በአንድ በኩል ሲገባ ቁጣዬ በሌላ በኩል በእጥፍ ገባ። ምኞት ትእዛዝ አይደለም፤ ትእዛዝም ቢሆን ከፋዩዋ እናቴ አልነበረችም።

ደብተሩን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። የምርመራ ክፍሉን ሳላንኳኳ ከፈትኩ። ብቻውን ነበር። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ስጥለው ቀና ብሎ አየኝ፤ አልደነገጠም።

«በመጀመሪያው ደብዳቤ ሁሉንም ጽፌልሻለሁ» አለ።

«አልከፈትኩትም።»

«ሁለተኛውንስ?»

«አንዱንም።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ ደግሞ አንብበሽ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የተፈረደብኝ መስሎኝ።»

«ደብዳቤ ለእኔ ከመጻፍህ በፊት በዚያ ደረጃ ላይ አፍ ነበረህ።»

«ነበረኝ።» ድምፁ ወረደ። «ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። ‹ጠብታ መቁጠር ያቃተው ሐኪም ነው ተብሎ ከተወራ ማን ዓይኑን ይሰጥሃል? የጽዳት ሠራተኛ ሌላ ሥራ አታጣም› አለችኝ። እሺ አልኳት። ሰበብ የለኝም። ያቺ እሺ የእኔ ናት።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ከመስኮቱ ሥር ያለውን አየሁ። አነስተኛ የመስታወት ገንዳ ነው፤ በውስጡ አንድ ኮራል ብቻ። ሐምራዊ፤ ሁለት መዳፍ ሲገጥሙ የሚያህል፤ ቅርንጫፉ ከቅርንጫፉ እኩል፣ አንድም የተጎዳ ቦታ የሌለው። የድሮው ሐምራዊ ነበር፤ ጫፎቹን አውቃቸዋለሁ።

«ጥፍር የምታህል በሕይወት ቀርታ ነበር» አለ። «ጠዋት ሰባት ጠብታ፣ ሕመምተኛ ሳይገባ። ታምሜም ወርጃለሁ። እንድታድግ ብዬ አንድም ቀን ምንም አልጨመርኩላትም። ዝም ብዬ ሳልለወጥ ስቆም አደገች።»

እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሳምንት አይሠራም፤ በጸጸት ጩኸትም አይሠራም። ሰባት መቶ ጠዋት ያስፈልገዋል። ኮራል ለሰው ብሎ አይዋሽም። ሳላስበው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አልኩ፤ ስለዚህም የበለጠ ጠላሁት።

«ያማረ ነው» አልኩ። «እናቴ ግን አላየችውም። እናቴ ያየችው ጫማህን ስትመለከት ነው። ቅዳሜ፣ በርክክቡ፣ በፊተኛው ወንበር ትቀመጣለች፤ እኔ ነኝ የማመጣት። ያኔ በነበሩት ሰዎች ፊት ትናገራለህ።»

አቀረቀረ። ያንን ማቀርቀር አውቀዋለሁ። በኪሴ ያለችውን ብልቃጥ ጨብጬ ወጣሁ።

❖

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ለምን እንዳመጣኋት አልነገርኳትም። «ቀለሙን እይልኝ» ብቻ ነበር ያልኳት።

ትልቋ ሐኪም ንግግራቸውን ጀመሩ። ስለ ባለቤታቸው ተናገሩ፤ ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ገንዳው ዞሩ።

«ይህ መታሰቢያ በአንዲት ሠራተኛ ቸልተኝነት ጠፍቶብን ነበር። ዛሬ ግን እንደምታዩት…»

እናቴ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ አጥብቃ ያዘች። ሌላ ምንም አላደረገችም። እኔ ከገንዳው ኋላ የብልቃጧን ክዳን ፈታሁ። በውሃው ውስጥ አሻግሬ ስመለከት ትንሹ ሐኪም ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ይታየኛል፤ አቀርቅሯል። ጫማውን እያየ ነው። እጄን ወደ ውሃው አነሣሁ።

ያን ጊዜ ቆመ። ይመለከት የነበረው ጫማውን አልነበረም፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን ደብተር ነው።

«ሰባት» አለ። ገጹን ገለጠ። «ዘጠኝ። አሥራ አንድ። ሰባት። አሥራ ሁለት። ስምንት። አሥራ ሦስት። ይህ የእኔ ጽሕፈት ነው። ኮራሎቹን የገደለው የውሃው መዋዠቅ ነው፤ ውሃውን ያዋዠቅሁት እኔ ነኝ። ሳሙና አልነበረም።»

«ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉ ትልቋ ሐኪም በቀስታ።

«እማዬ፣ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ።» ወደ እናቴ ዞሮ እንባው በግልጽ እየወረደ ቀጠለ። «እትዬ፣ ያን ዕለት ደረጃው ላይ ነበርኩ። ንጹሕ እንደሆኑ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዝም አልኩ። ሐኪም ነኝና ዓይናችሁን የምትሰጡኝ ሁሉ፣ ይህን አውቃችሁ ስጡኝ።»

እናቴ ተነሣች። ወደ እርሱ አልሄደችም፤ ወደ ገንዳው ነበር የሄደችው። ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ መስታወቱ ላይ ያለውን የጣት አሻራ በዝግታ ጠረገች።

«ጣት አሳርፈውበታል» አለች። ከዚያ ወደ ትልቋ ሐኪም ዞረች። «ሃያ ሁለት ዓመት ዶክተር፣ ባልዲዬ ከዚህ ገንዳ አሥር እርምጃ ርቆ ነው የኖረው። መጠየቅ ይበቃ ነበር።»

ትልቋ ሐኪም አጠገባቸው ያለውን ወንበር ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዘበኛው በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ ሽማግሌ ሕመምተኛ ተከተሏቸው፤ ሌላውም። እናቴ እንደዚያ ቀና ብላ ስትቆም ካየኋት ስንት ዘመን እንደሆነው ያወቅሁት ያኔ ነው። የብልቃጧን ክዳን መልሼ ገጠምኩ፤ ወደ ኪሴም መለስኳት።

❖

ሰዉ ሲበተን ትንሹ ሐኪም ከገንዳው ጎን አገኘኝ።

«ይቅር ብለሽኛል?»

«አላልኩህም።»

«አሁንም አንተ ነው ያልሽኝ» አለ፣ ፈገግታ ሊመስል ሲል መልሶ ዋጠው። «ምን ላድርግ?»

«አሥራ አንድ ደብዳቤ አለኝ። ወር በገባ ቁጥር አንድ እከፍታለሁ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ። እስኪያልቁ ድረስ አትጽፍልኝም፣ ደጄ አትመጣም። ጠዋት ጠዋት ወርደህ ይህን ገንዳ ሰባት ላይ ታቆየዋለህ። ስንፍናህን ወሬ አይነግረኝም፤ በዓመቱ መጨረሻ መጥቼ ቀለሙን አያለሁ።»

«ቅጣት ነው?»

«በቀል ነው።»

«ሰባት» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። አለመጨመሩ ነው ልቤን የነካው።

እናቴና እኔ በእግር ተመለስን። መንገድ ላይ የሳሙና ሱቅ ገባች፤ ባለሱቁን ቀና ብላ እያየች ሁለት ገዝታ ወጣች። ጥቂት እንደሄድን እጇን ዘረጋች።

«ኪስሽ ውስጥ ያለውን ወዲህ በይ። ስታወጪው በመስታወቱ አይቼሻለሁ።»

ሰጠኋት። አልጠየቀችኝም። ከሳሙናው ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቤት እንደገባሁ የደብዳቤዎቹን እስር አወጣሁ። ላያቸው ብቻ ነበር አሳቤ። ክሩን መቼ እንደፈታሁት አላውቅም፤ አውራ ጣቴ የመጀመሪያውን ፖስታ ጠርዝ ግማሽ ድረስ እንዳስለቀቀችው ያየሁት ዘግይቼ ነው። ወሩ ሊገባ ገና አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል።

ደብዳቤውን ቦታው መለስኩ፤ ክሩንም እንደገና ቋጠርኩ። ሳይለወጡ መቆየትን እርሱ ሁለት ዓመት ችሎታል። እኔ ገና የመጀመሪያው ምሽቴ ነበር፤ ያቃጥል ነበር።